የሐጂ ገንዳና የኦቦ ቃሲም ሕግ

ዝናብ የጠገበ አገር ውሃ አያከብርም። ይህን የምለው የሰው አገር ለማማት አይደለም፤ የራሴን ነው የማማው። ባሌ ደጋ ላይ ሰማዩ በዓመት ሁለት ጊዜ ይከፈታል። ገበሬው ሁለቴ ያጭዳል፣ ከተሜው ሁለቴ ጭቃ ይረግጣል። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው ውሃ ሲያይ ምን ይላል? «ደግሞ መጣ» ይላል። ጣሪያው ላይ ሲወርድ ያማርረዋል፣ ደጃፉ ሲደርስ በመጥረጊያ ያባርረዋል። ውሃን ማክበር የሚማር ሰው ከጊኒር ወዲያ ወደ ቆላው መውረድ አለበት። እኔ ግን ዕድለኛ ስለሆንኩ መውረድ አላስፈለገኝም። መምህሩ ራሳቸው የምሠራበትን ሆቴል አሥራ አንድ ቁጥር ክፍል ተከራይተው ሮቤ ድረስ መጡልኝ።

ነገሩን ከገንዳው ልጀምር። ሮቤ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ነበር ብል ብርዱን የሚያውቅ ሰው «ተው እንጂ» ይለኛል። ነበር እንጂ። የሆቴሉ ባለቤት ሐጂ ሙስጠፋ የስንዴ ነጋዴ ናቸው። አንድ ጊዜ ለንግድ ሐዋሳ ወርደው ሰው ገንዳ ዳር ተጋድሞ ሲዝናና ቢያዩ ልባቸው እዚያው ቀረ። ተመልሰው መጡና አስቆፈሩ፣ ሰማያዊ ሴራሚክ አስለበጡ፣ ከግቢያችን ጉድጓድ በሞተር አስሞሉት። የሐዋሳ ፀሐይ አብራ እንደማትመጣ የነገራቸው አልነበረም፤ ቢኖርም ሐጂን ማን ይናገራቸዋል? እኔ በሠራሁባቸው የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ከዚያ ገንዳ የገቡት ሦስት ናቸው፦ ከተራራው የወረደ አንድ ፈረንጅ፣ አንድ ሰካራም፣ አንድ ፍየል። በፈቃዱ የገባው ፈረንጁ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ሕዝቡ ገንዳውን ይወደው ነበር። ለኢድ በሉት ለጥምቀት፣ ቤተሰብ ሁሉ አምሮበት ይመጣና ዳር ዳሩን ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች ወንበር ስበው ሰማያዊውን ውሃ ያያሉ፣ ብርድ ብርድ ሲላቸው ሻይ ያዛሉ። ሮቤ ውስጥ ዋና ማለት ይኸው ነው።

የዚህ ገንዳ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሁለት ዓመት የጎባን ግድግዳ ስደግፍ ከርሜ፣ ሐጂ ሰው ይፈልጋሉ ሲባል ሮጬ ሄድኩ። «ዋና ትችላለህ?» አሉኝ። ሥራ የሚፈልግ ሰው የማይችለው ነገር አለ እንዴ? «ሐጂ፣ እኔ እኮ ቶጎና ወንዝ ውስጥ ነው ያደግሁት» አልኳቸው። ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ ቶጎናን በበጋ ሱሪዬን ሰብስቤ ተሻግሬያለሁ። ፊሽካ ሰጡኝና ሥራ ጀመርኩ። እናቴ ጎባ ላይ «ልጄ የውሃ ኃላፊ ሆነ» ብላ ስላወራች፣ ቧንቧ የጠፋበት ጎረቤት ሁሉ እሷ ዘንድ እየመጣ አቤቱታ ያቀርብ ጀመር። እኔ ደግሞ ሌት ተቀን የምጸልየው አንድ ጸሎት ነበረኝ፤ ብርዱን አታንሳብን እላለሁ። ማንም ካልገባ ማንም አይሰጥምም፣ ማንም ካልሰጠመ የእኔ ዋና አይፈተንም።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። መጀመሪያ በረዶ፣ ቀጥሎ ዝናብ፣ ቀጥሎ ከሆቴሉ ጀርባ ያለው የስንዴ ማሳ ራሱ ተነስቶ መጣ። የጓሮው አጥር ግንብ ለትንሽ ጊዜ ታገለና ተኛ። ጎርፉም ግቢውን አቋርጦ፣ ተቆፍሮና ተለብጦ የሚጠብቀው ስፍራ ስላገኘ፣ ገባበት። ዝናቡ ሲያባራ ወጥቼ ባይ ያ ሰማያዊ ገንዳ ቡናማ ገንፎ ሆኗል። ከላዩ ላይ ገለባ፣ ግማሽ በር፣ የአንድ ሰው የግራ ቦቲ ጫማና አንድ የፕላስቲክ ወንበር ተንሳፍፏል። ወንበሩ ላይ አንዲት እንቁራሪት እንደ ሥራ አስኪያጅ ተቀምጣለች። የከተማውም ቧንቧ በዚያው ጎርፍ ተሰብሮ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭቃ ይተፋ ጀመር።

ሐጂ ጃንጥላ ይዘው መጡ። ገንዳውን ዞረው አዩት።  በኋላ እንዲህ አሉ፦ ከዛሬ አሥር ቀን በኋላ ከክልል ለሥልጠና እንግዶች ይመጣሉ፤ አለቃቸው በስልክ ሲያናግሩኝ ከአዳራሹም ከመኝታውም በፊት የጠየቁኝ ስለ ገንዳው ነው፤ የዚያን ቀን በዚህ ጉድጓድ ውስጥ ጥሩ ውሃ ካልታየ ግን አፈር ሞልቼበት ነጭ ሽንኩርት እተክልበታለሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ ለነጭ ሽንኩርት ደግሞ ፊሽካ የሚነፋ ሰው አያስፈልገውም አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ወደ ጎባ ግድግዳ መመለስ ቀርቶ ማሰቡ ራሱ ወገቤን አመመኝ።

በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ። ከአንድ ሽንኩርት አልሚ የመስኖ ሞተር ለምኜ አመጣሁና ቱቦውን ጭቃው ውስጥ ነከርኩ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ገለባ ጎረሰ፣ እንደ ሽማግሌ ሳለ፣ ዝም አለ። በዚህ ተስፋ ልቁረጥ? ሳይንስ አለ እንጂ። እኔ ስለ ገንዳ ከማውቀው ሁሉ በእርግጠኝነት የማውቀው ክሎሪን የሚባል ነገር መኖሩን ነው። ያለንን በርሜል ሙሉ ክሎሪን ጭቃው ላይ ገለበጥኩት። ምን ይሆናል ብዬ ነው? በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ግለሂስ ያወርድ ስለነበር ጭቃውም ጥፋቱን አምኖ ውሃ ይሆናል ብዬ ነው መሰለኝ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሽታው ግቢውን ሞላው። ወጥ ቤቷ ሽንኩርት ሳትልጥ አለቀሰች፣ እንግዶች ዓይናቸውን እያሹ ከየክፍላቸው ወጡ፣ እንቁራሪቷም ሥልጣኗን ለቃ ሄደች።

ከወጡት መካከል የአሥራ አንድ ቁጥሩ ሽማግሌ ነበሩ። ኦቦ ቃሲም ይባላሉ። ከጊኒር ወዲያ ካለው ደረቅ አገር የመጡ፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ባለቤታቸው አዴ ዘይነባ ጎባ ሆስፒታል ተኝተው ስለነበር፣ እሳቸው እኛ ዘንድ እያደሩ ቀን ቀን በሚኒባስ እየሄዱ ይጠይቋቸዋል። በአገራቸው ምን እንደሆኑ ያወቅሁት በኋላ ነው። አባ ሀሮ ናቸው፤ የኩሬው አባት ማለት ነው። ዝናብ ያጠራቀመውን የመንደሩን ኩሬ የሚያስጠርጉ፣ ሰውና ከብት በየተራው እንዲቀዳና እንዲጠጣ የሚያደርጉ፣ ስለ ውሃ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው።

ሽማግሌው በፎጣቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ይዘው መጡና ገንዳውን አዩ። ሬሳ ላይ እንደቆመ ሰው አንገታቸውን ደፉ። «ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ከዚህ የሚጠጣው የማን ከብት ነው?» የማንም ከብት አይጠጣም አልኳቸው። እንግዲያው ሰው ነው የሚጠጣው አሉ። ሰውም አይጠጣም አልኩ። ታዲያ ምን ይሠራል ሲሉኝ፣ ሰው ይገባበታል አልኳቸው። ገብቶስ? ይዋኛል። ዋኝቶስ? ይወጣል። ይህን ነገር ለመረዳት ደህና ጊዜ ወሰደባቸው። በመጨረሻ፣ ሰው ውሃ ሲያገኝ ደስ ብሎት ይጠጣል እንጂ ደስ ብሎት ያቆሽሸዋል ሲባል ሰምቼ አላውቅም፤ ቢሆንም ውሃ በሞተበት አጠገብ እያደርኩ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም አሉ።

እኔም መቼም ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል፤ ሐጂን ጠራኋቸው። ኦቦ ቃሲም ክፍያ አልፈልግም አሉ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። በአገራቸው ኩሬ የሚያስጠርግ ሰው ለኩሬው ሕግ ያወጣል፤ ሕጉንም የኩሬው ባለቤት ቢሆን አይሽረውም። ይህን ከተቀበላችሁ ነገ እንጀምራለን አሉ። ሐጂ ሕግ ከሞተር ይረክሳል ብለው ነው መሰለኝ ወዲያው እሺ አሉ። እኔም እሺ አልኩ። ሕጉ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ለሁለታችንም አልታየንም። ሥራው ያለቀለት ሰውና ገንዳው የጠፋበት ሰው የሚፈርሙትን ነገር አያነቡም።

ኦቦ ቃሲም የጀመሩት ከገንዳው አይደለም። መጀመሪያ የክሎሪኑ ሽታ እስኪበር ማንም ጭቃውን እንዳይነካ ከለከሉና፣ ወደ ጓሮ ዞረው ግንቡ በተናደበት በኩል ጎርፉ የመጣበትን መንገድ እየረገጡ ወጡ። ማሳው ጥግ ላይ ቆሙና በበትራቸው መሬቱ ላይ ክብ ሠርተው እዚህ ጋ ቆፍሩ አሉን። እኔ ገንዳው ታች፣ ጉድጓዱ ላይ፣ ምን አገናኛቸው ብዬ አጉረመረምኩ። ጎርፍ እንግዳ ነው፣ ከቤት ሳይገባ የሚቀመጥበት ስጠው፣ ጭቃውን እዚያው ያራግፋል አሉኝ። ለሐጂ ገንዳውን የቆፈሩት ሰዎች ሁሉ ይህ አልታያቸውም ነበር። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ስንትና ስንት ዝናብ ዘነበ፣ ያ ጉድጓድ ግን አንድ አካፋ ጭቃ አላሳለፈም።

ከዚያ ደቦ ተጠራ። ጠሪ የላከ ሰው አላየሁም። ሽማግሌው ጎህ ሲቀድ ቢስሚላህ ብለው ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ሲገቡ ያየ ሁሉ ነው የመጣው። ሰባ ዓመት የሆነው ሰው እወገቡ ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆሞ እያዩ ሻይ መጠጣት ይቻላል? እኔ ሞክሬው ነበር፣ አይወርድም። አስተናጋጆቹ መጡ፣ ዘበኛው መጣ፣ በር ላይ የሚቆሙት የባጃጅ ሹፌሮች መጡ፣ የሰፈሩ ሴቶች ሳፋ ይዘው መጡ። ኦቦ ቃሲም ሁሉንም እንደ አቅሙ በመስመር አቆሙት። ሳፋው ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ይወጣል፣ ባዶው በሌላ መስመር ይመለሳል። ጥልቁ ላይ የሚቆመው ትልቁ ሰው ነው፣ እሱም እሳቸው ናቸው። እኔን፣ የውሃ ኃላፊውን፣ ባዶ ሳፋ የሚቀበሉት ዘንድ አቆሙኝ። ቅር አለኝ፣ ግን ልክ ነበሩ።

እሳቸው አንድ መስመር ያዜማሉ፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ግጥሙ በኦሮምኛ ለውሃ የሚዘመር ምስጋና ነው፤ ማንም ሳፋውን ከዜማው ቀድሞም ዘግይቶም አያቀብልም፣ ስለዚህ ማንም አይደክምም፣ ማንም አይጋጭም። ጭቃ ላይ ቆሞ መሳደብ ክልክል ነው። አንድ ሹፌር እግሩ ላይ ሳፋ ቢወድቅበት የለመደውን ሊል አፉን ከፍቶ፣ ሽማግሌውን ሲያይ «አልሃምዱሊላህ» ብሎ ዘጋው። በሁለተኛው ቀን ሐጂ ራሳቸው ጫማቸውን አውልቀው መስመር ገቡ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ያለው ሽንኩርት አልሚ ጭቃውን በአህያ ጋሪ እየጫነ ወደ ማሳው ወሰደ፣ ለነጭ ሽንኩርት እንዲህ ያለ አፈር የለም እያለ። እኔ ሞተር ይዤ ያቃተኝን እሳቸው በዜማ አወጡት። አለማድነቅ እንዴት ይቻላል?

ቀትር ሲሆን ግን ሥራው ይቆማል። ሽማግሌው ይታጠባሉ፣ ንጹሕ ልብሳቸውን ለብሰው በሚኒባስ ጎባ ይሄዳሉ። ማታ ሲመለሱ ትእዛዝ ይዘው ነው። ለካ እውነተኛዋ አለቃ አልጋ ላይ ናቸው። አዴ ዘይነባ በሳሙና እንዳታጥቡት ብለዋል፤ በአሸዋና በገለባ ፈትጉት ብለዋል። የመጨረሻው ሳፋ ሳይወጣ እሾህ ይቆረጥ ብለዋል። እሾሁ ምን እንደሚያደርግ እኔ አልጠየቅሁም። ኦቦ ቃሲም ይህን ሁሉ ሲነግሩን ፊታቸው ላይ የነበረውን ኩራት ብታዩ ሙሽራ ትሏቸው ነበር። ስለ ባለቤታቸው ሕመም ስጠይቃቸው ግን ወደ ሳፋው ይመለሳሉ። እኔ ሥራዬን ለማትረፍ ስሠራ እሳቸው ምን ለማትረፍ እንደሚሠሩ የገባኝ ያኔ ነው፣ አንጀቴን በሉት።

በስድስተኛው ቀን ሰማያዊው ሴራሚክ ብቅ አለ። በአሸዋና በገለባ ፈተግነው፣ በዝናብ ውሃ አለቀለቅነው፣ ከግቢያችን የውሃ ጉድጓድ በሞተር መሙላት ጀመርን። ትንሽ ክሎሪን ጣል ላድርግበት ብላቸው፣ እስከ ዛሬ ያጠጣኸው መድኃኒት ይበቃዋል፣ ጤነኛ መድኃኒት አይውጥም አሉኝ። በዘጠነኛው ቀን ገንዳው ሞላ። እንዲህ ጠርቶ አይቼው አላውቅም፤ ከላይ ቆመህ የታችኛውን ሴራሚክ ስንጥቅ ትቆጥራለህ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት፣ እንግዶቹ ሊደርሱ ሁለት ሰዓት ሲቀራቸው፣ ከክፍሌ ስወጣ ገንዳው የለም። በቦታው የእሾህ አጥር አለ። ኦቦ ቃሲም ቀጋ ቆርጠው አስመጥተው ዙሪያውን ከአንገት በላይ አጥረውታል፣ አንዲት ጠባብ በር ብቻ ትተዋል። እሳቸው በትራቸውን ይዘው በሯ ላይ ተቀምጠዋል። ሐጂ ደንግጠው ምንድን ነው ቢሏቸው፣ ሕጉ ነው አሉ። ከኩሬ በእንስራም በጀሪካንም በተራ ይቀዳል፤ እግሩን የሚነክር ሰው ግን አንዲት ጊደር ይቀጣል። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ፣ እኔ ወደ ሰማይ ዞርኩ። እሺ ያልነው ሁለታችንም ነን። ነጭ ሽንኩርቱ ዓይኔ ላይ በቀለ።

እንግዶቹ መጡ። አለቃቸው ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስገቡ ቁምጣ ለብሰው፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ተከታዮቻቸውን አስከትለው ወደ ገንዳው መጡ። እሾሁን አይተው ቆሙ። ሽማግሌው ተነስተው በአክብሮት ሰላምታ ሰጧቸው፣ ጤናቸውን፣ ቤተሰባቸውን፣ የመጡበትን መንገድ ጠየቁ፣ ከዚያ ሕጉን ነገሯቸው። ሰውየው ሳቁና፣ ለዛሬ እንግዳ ነኝና ይማሩኝ ብለው በጠባቧ በር ገብተው የአውራ ጣታቸውን ጫፍ ውሃው ላይ አሳረፉ። የሮቤ ጠዋት፣ የጉድጓድ ውሃ፣ የነሐሴ ብርድ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ወደ ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አየሁ። ጣታቸውን ቀስ ብለው አነሱ፣ ፎጣውን አገላብጠው ደረታቸው ላይ ከበቡና በአዳራሽ ድምፅ፣ ሕዝብ ተወያይቶ ያመነበትን ሕግ መጣስ አንችልም፣ ባህል ይከበር አሉ። ተከታዮቻቸው አጨበጨቡ። ቁምጣ ይዘው የመጡት ሁሉ ከልባቸው ነው ያጨበጨቡት።

ከዚያ ኦቦ ቃሲም በጣሳ ቀድተው አጠጧቸው። የከተማው ቧንቧ ያንን ሰሞን ሁሉ ጭቃ ሲተፋ ስለነበር፣ ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ተራ ይጠብቁ ነበር። አለቃውም በተራቸው ጠጥተው፣ እንዲህ ያለ ሆቴል አላየሁም፣ ሌላው እንግዳውን ያጥባል፣ እናንተ ሰፈሩን ታጠጣላችሁ አሉ። ሐጂ ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ። አጥሩን ያሠሩት ራሳቸው ይመስል ለእያንዳንዱ እንግዳ ሕጉን ያስረዱ ጀመር።

እንግዶቹ በመጡ በሦስተኛው ቀን አዴ ዘይነባ ከሆስፒታል ወጡ። ወደ አገራቸው ከመሄዳቸው በፊት ኩሬውን ካላየሁ ብለው መጡ። ከስተዋል፣ ግን በእግራቸው ነው የመጡት። ኦቦ ቃሲም አንድ እርምጃ ከኋላቸው ይከተላሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ሳይነኳቸው። ሐጂ ወንበር ይዘው ሮጡ። አሮጊቷ አልተቀመጡም። በመዳፋቸው ቀድተው ቀመሱ፣ ወደ ባላቸው ዞረው «ጋሪ ነው» አሉ፣ ጥሩ ነው ማለት ነው። ያ በባለሥልጣን ፊት ያልተነቃነቀ ሽማግሌ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

አዴ ዘይነባ ቀጥለው፣ ኩሬው አባት ሳይኖረው ትተነው አንሄድም፣ ማን ይጠብቀዋል አሉ። ኦቦ ቃሲም በበትራቸው ወደ እኔ አመለከቱ። አሮጊቷ ከራስ ጸጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አዩኝና፣ «ዋና ትችላለህ?» አሉኝ።

ሐጂ አጠገቤ ናቸው፤ ትከሻችን ሊነካካ ምንም አልቀረው። አፌን ከፈትኩ፣ ቶጎና ምላሴ ላይ ደረሰ። ከዚያ ሽማግሌውን አየኋቸው። በእነዚህ ሁሉ ቀናት አንድ ቃል አብልጠው፣ አንድ ቃል አሳንሰው ሲናገሩ አልሰማኋቸውም። በእሳቸው ፊት መዋሸት አቃተኝ። «አልችልም አዴ» አልኩ፤ «ከጉልበቴ በላይ ውሃ ገብቼ አላውቅም።»

ሐጂ እጃቸው ላይ የነበረውን ወንበር ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና ራሳቸው ተቀመጡበት። አሮጊቷ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ዋና የሚችል ጠባቂ አንድ ቀን ሙቀት ሲሰማው መፈተኑ አይቀርም፣ ውሃ የሚፈራ ሰው ግን ውሃ ያስከብራል፣ ይህ ልጅ ይሁን አሉ። ኦቦ ቃሲም በሰው ሁሉ ፊት በትራቸውን አስጨበጡኝ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ሕዝቡ አሜን አለ። ሕጉን የኩሬው ባለቤት ቢሆን አይሽረውምና፣ ሐጂም አሜን አሉ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሠራሁ። ሌላ ሥራ ለማመልከት የሥራ ልምድ ማስረጃ ሲያስፈልገኝ ሐጂ ራሳቸው ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ሰጡኝ። እንዲህ ይላል፦ «ግለሰቡ በድርጅታችን የመዋኛ ገንዳ ኃላፊ ሆነው ሲሠሩ ውሃ ውስጥ ገብተውም ሆነ ሰው አስገብተው የማያውቁ፣ በዚህም ከፍተኛ ምስጋና ያተረፉ መሆናቸውን እናረጋግጣለን።»